አዲስ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሻወር፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ እየረጠበ ነው፣ ከየት ልጀምር?

የሆጤ ልጅ
ኅዳር 9፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ ግን ሁሉንም ካልጻፍኩት ትክክለኛ መልስ አላገኝም ብዬ ነው።

ቤታችን ደሴ ሆጤ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ለእናቴ ብዬ የኤሌክትሪክ ሻወር አስገጠምኩ፣ ያ ውሃ የማያጠራቅመው፣ ውሃው ሲያልፍ እዛው የሚያሞቀው ዓይነት፣ ጎኑ ላይ 220 ቮልት 5500 ዋት ይላል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ በዚህ ብርድ ለሱብሒ ስትነሳ ውሃ በድስት አሙቃ ተሸክማ ስትገባ ማየት ከበደኝና ቆጥቤ ገዛሁት። ውሃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው፣ መስመሩ አዲስ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ሻወር ቤቱ ውስጥ ሴራሚክ ተለጥፎበታል።

በአራተኛው ቀን ከሻወሩ ጀርባ ያለው መኝታ ቤት ግድግዳው ከታች ከዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ላይ ከሚለጠፈው ጠርዝ) በላይ ጠቆር አለ፣ ከዛ ቀለሙ ተነፋፋ። ሻወሩ ካለበት ቦታ ቀጥታ ጀርባው ላይ ቢሆን ይገባኝ ነበር፣ ግን ወደ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ወደ በሩ በኩል ነው። ገጣሚውን ጠራሁት፣ አዲስ ሥራ እንዲህ ነው ይደርቃል አለኝ፣ ቢሆንም ብሎ የሻወሩን ዙሪያ በሲሊኮን ሞላው፣ ከላይም ከጎንም ከታችም። ከዛ በኋላም አልቆመም፣ እንደውም ሰፍቷል።

ሌላ ነገር፣ መጀመሪያ ሰሞን አምስት ደቂቃ ስንታጠብ ብሬከሩ ይወድቅ ነበር። እሱንም በትልቅ ቀይሮልኛል፣ አሁን አይወድቅም። ጥያቄዬ የውሃው ነው፣ ሴራሚኩን ሳልሰብር ከየት እንደሚመጣ እንዴት ልወቅ?

ቦርከና
ኅዳር 9፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ የውሃውን ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን፣ እኔን ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድህን የጻፍከው ነው። ብሬከር የሚወድቀው ሽቦው እንዳይጋይ ነው። 5500ን ለ220 አካፍለው፣ 25 አምፔር ነው የሚጎትተው። ቤታችሁ ውስጥ የሶኬት መስመር አብዛኛው ጊዜ 2.5 ሽቦ ነው (ውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር)፣ ብሬከሩም 16 አምፔር ነው፣ 25 ሲጎተትበት 16ቱ መውደቁ ሥራውን መሥራቱ ነው። ገጣሚው ሽቦውን ሳይቀይር ብሬከሩን ብቻ ወደ 32 ከፍ አድርጎት ከሆነ አሁን የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፣ ብሬከሩ ደግሞ ዝም ብሎ ያያል።

እስቲ እነዚህን መልስልኝ፣ አሁን የተገጠመው ብሬከር ላይ ስንት ይላል? ሽቦው ከሳጥኑ ለብቻው ነው የመጣው ወይስ ከሶኬት ተቀጥሎ? ኧርዝ (ያፈሰሰ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) አለው ወይ? እስክታረጋግጥ ድረስ እባክህ ብሬከሩን አውርደው፣ እናትህም አይታጠቡበት።

ፒያሳ ነኝ
ኅዳር 9፣ ማታ 3፡20

ሲሊኮኑ ጥራት የሌለው ይሆናላ። እኔ ቤት ሁለት ጊዜ ነው ያስደረግኩት፣ ሁለተኛው ላይ ወፍራም አድርጎ ዙሪያውን በደንብ ሞላው ከዛ ቆመ። ጥሩ ሲሊኮን ገዝተህ ድገመው፣ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም።

ጋሼ ቱቦ
ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡15

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ቧንቧ ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሠርቻለሁ። ሲሊኮን ድገም የሚለውን ምክር ባትሰማው ደስ ይለኛል። ፒያሳ ነኝ ያልከው ልጄ አትቀየመኝ፣ አንተ ቤት ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን የሻወሩን የታችኛውን ጠርዝ መድፈን ትልቅ ስህተት ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የዚህ ዕቃ ሽፋን ከታች ክፍት የሚተወው ሆን ተብሎ ነው። ውስጡ ያለ ጎሚኒ ቢላላ ወይም ከጀርባ ውሃ ቢገባ በታች በኩል ይንጠባጠባል፣ አንተም ታየዋለህ፣ ታስጠግናለህ። ከታች ከደፈንከው ውሃው መውጫ አጥቶ ሽፋኑና ግድግዳው መሀል ይጠራቀማል። እዛው ቦታ ላይ ደግሞ የኮረንቲው ሽቦ አለ። ስለዚህ ሲሊኮን ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ ነው፣ ከታች ፈጽሞ። የመግጠሚያ ወረቀታቸውን ብታነቡት ብዙዎቹ ይሄን ይላሉ።

አሁን ወደ ውሃው። ሆጤ ያለኸው ልጄ፣ ርጥበቱ አንድ ሜትር ርቆ መታየቱ አይግረምህ፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሆዱ ወርዶ ሲሚንቶ እስኪያግደው ይሄዳል፣ ከዛ ልስኑ ደከም ባለበት ይወጣል። ርጥበት ባየህበት ቦታ ሴራሚክ ብትሰብር ባዶ ቦታ ነው የምትሰብረው።

አዲስ ሻወር አጠገብ ውሃ በሦስት መንገድ ነው የሚወጣው። አንዱ ከሮቶው እስከ ሻወሩ መክፈቻ ያለው መስመር ነው፣ ሁልጊዜ ግፊት አለበት፣ ሰው ታጠበ አልታጠበ ቀንም ሌሊትም ያፈሳል። ሁለተኛው ከመክፈቻው ወዲህ ያለው ነው፣ ውሃ ሲከፈት ብቻ ያፈሳል። ሦስተኛው የቧንቧ ጥፋት የለበትም፣ ስትታጠብ ግድግዳና ወለል ላይ የሚረጨው ውሃ በስንጥቅ ወይም በቧንቧው ቀዳዳ በኩል ይገባል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ከሞከርካቸው ምንም አታውቅም፣ ለየብቻ ነው የሚሞከሩት።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አይታጠብ። መኝታ ቤት ገብተህ የርጥበቱን ጠርዝ በእርሳስ ዙሪያውን ስመረው፣ ሰዓቱንም ጻፍበት። የሚታዩትን መገጣጠሚያዎች በሙሉ በጨርቅ አድርቀህ ሶፍት ጠቅልልባቸው። በማግስቱ ርጥበቱ ከእርሳሱ አልፎ ከሄደ ወይ ሶፍቱ ከረጠበ መስመሩ ነው። ሁለተኛው ቀን ብሬከሩ እንደወረደ ውሃውን ብቻ ክፈት፣ ግን ከሻወሩ የሚወጣው ግድግዳ ሳይነካ ባልዲ ውስጥ ይግባ፣ አሥር ደቂቃ። ሦስተኛው ቀን መስመሩን ዝጋና በጆግ ውሃ አፍስስ፣ ከታች ወደ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ወለሉን፣ ከዛ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበትን፣ ከዛ ቧንቧው ከሴራሚክ የሚወጣበትን። በየመሀሉ አንድ ሰዓት ጠብቅ፣ ብሎኬት ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ የትኛው እንደሆነ አይለይህም።

ይሄን ሁሉ ስታደርግ ብሬከሩ ይውረድ፣ ላዩም ላይ ፕላስተር ለጥፍበት ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያነሳው።

የሆጤ ልጅ
ኅዳር 10፣ ምሳ ሰዓት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያመሰገንኩት። ቦርከና አየሁት፣ 32 ይላል። ሽቦው ከኮሪደሩ ሶኬት ሳጥን ተቀጥሎ ነው የሄደው። ኧርዙን አላውቅም፣ ከሻወሩ አረንጓዴ ሽቦ ወጥቶ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፣ ከዛ የት እንደሚደርስ አላየሁም። ብሬከሩን አውርጃለሁ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሙከራውን እጀምራለሁ።

አንድ ጥያቄ፣ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪውን ባነበው አይበቃም ወይ?

ቦርከና
ኅዳር 10፣ ከሰዓት 8፡10

ቆጣሪው ከሮቶው በፊት ነው ያለው፣ ስለዚህ የሚቆጥረው ወደ ሮቶው የሚገባውን እንጂ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቆጣሪው ዝም ያለው ውሃ ስለሌለ ይሁን ስለማያፈስ አታውቅም። የሮቶውን መግቢያ ዘግተህ የውሃውን ከፍታ ምልክት ብታደርግ ይሻላል፣ ግን እሱም ለትንሽ ፍሳሽ አይሆንም። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢያፈስ በ24 ሰዓት ወደ 4 ሊትር ነው፣ አንድ ሜትር ምናምን ስፋት ባለው ሮቶ ላይ 4 ሊትር ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፣ በዓይን አትለየውም። ግድግዳ ለማበላሸት ግን 4 ሊትር በቀን ከበቂ በላይ ነው። የጋሼን ሶፍት ተጠቀም።

እሙ ሁለት
ኅዳር 10፣ ማታ 1፡30

አሰላሙ አለይኩም። ይሄን ክር ሳነብ የኔን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ሳላይሽ ነው ቤቴ። እኛም ባለፈው ዓመት አስገጠምን፣ ሲሞቅ ደስ ይል ነበር ወላሂ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ እየታጠበች ማዞሪያውን ስትነካ "እማ እጄን ይነዝረኛል" አለችኝ፣ እኔ ብርዱ ነው ብዬ ችላ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ራሴ እርጥብ እጄን ብረቱ ላይ ሳሳርፍ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ኤሌክትሪሻን ሲያየው ኧርዙ የተገናኘው ከቧንቧው ጋር ነው፣ ቧንቧው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። አልሐምዱሊላህ ልጄን አተረፈልኝ። እባካችሁ ልጅ ነዘረኝ ሲል እመኑት።

ቦርከና
ኅዳር 10፣ ማታ 2፡00

እህቴ እንኳን አላህ አተረፋችሁ። ያልሽው ነገር ብዙ ቤት አለ። ድሮ መስመሩ ሁሉ ብረት ቧንቧ ስለነበረ መሬት ውስጥ የተቀበረው ብረት ራሱ እንደ ኧርዝ ያገለግል ነበር፣ የቆዩ ኤሌክትሪሻኖች ከቧንቧ ማገናኘት የለመዱት ከዛ ነው። አሁን ፒፒአር ከገባ ወዲህ ያ ሽቦ የትም አይደርስም።

አንድ ልጨምር፣ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ኧርዝ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ የመሬቱ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ ኮረንቲ ወደ ሻወሩ አካል ቢያፈስ የሚሄደው 220 ሲካፈል 20፣ 11 አምፔር ነው። 32ቱ ብሬከር በ11 አምፔር አይወድቅም፣ ሻወሩ ኮረንቲ እንደያዘ ይቀመጣል። ስለዚህ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ፣ አርሲዲ የሚሉት ብሬከር የግድ ነው። እሱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለ፣ ስትጫነው ካልወደቀ አይሠራም ማለት ነው።

በርበሬ ወንዝ
ኅዳር 11፣ ጠዋት

ክሩን ላላበላሽ ግን ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እህቴ ደሴ ነች፣ ሁለታችንም አንድ ዓይነት 5500 ዋት ገዛን፣ የኔ ያቃጥላል የሷ ለብ ብቻ ነው የሚለው። ገጣሚው ዕቃው ተበላሽቷል ይቀየር ብሏታል። ይቀየር ወይ?

ቦርከና
ኅዳር 11፣ ጠዋት 4፡30

ሳትቀይር ትቆይ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ ሙቀቱ ራሱ ይነግርሃል፣ የሮቶው ውሃም እንደዛው ነው። 5500 ዋት በደቂቃ 3 ሊትር የሚፈስ ውሃን 26 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል፣ 4 ሊትር ከሆነ 20 ዲግሪ ብቻ። ደሴ ጠዋት የሮቶው ውሃ 12 ቢሆንና በደቂቃ 4 ሊትር ቢፈስ 32 ነው የሚወጣው፣ ለገላ ቀዝቃዛ ነው። አንተ ጋ 20 ዲግሪ ከገባ በዛው ፍሰት 40 ይሆናል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለውን መዝጊያ ትንሽ ጠበብ አድርጋ ፍሰቱን ትቀንስ። መውጫው ላይ ግን መዝጊያ እንዳታስገባ፣ የውስጡ ማሞቂያ ተዘግቶበት ግፊት እንዳይይዝ መውጫው ሁሌ ክፍት መሆን አለበት።

ደግሞ ማታ ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ ይታያል። 190 ሲደርስ 5500 የነበረው ወደ 4100 ይወርዳል፣ ጉልበቱ የሚቀንሰው ከቮልቴጁ በላይ ነው። ቀን ላይ ትሞክረው፣ ቀን ከሞቀ ዕቃው ደህና ነው።

የሆጤ ልጅ
ኅዳር 13፣ ማታ 1፡50

ሦስቱም ቀን አለቀ፣ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን እርሳሱ ላይ ምንም ለውጥ የለም፣ ሶፍቱ ሁሉም ደረቅ። ሁለተኛው ቀን በባልዲ አሥር ደቂቃ ለቀቅኩት፣ ሦስት ባልዲ ሞላ፣ ግድግዳው ደረቅ ሶፍቱም ደረቅ። ሦስተኛው ቀን የወለሉን ፍሳሽ በጨርቅና በፌስታል ደፍኜ ሁለት ሴንቲሜትር ውሃ አቆምኩ፣ ሁለት ሰዓት ቆየ፣ አልጎደለም፣ መኝታ ቤቱም ምንም። ጥግ ጥጉን አፈሰስኩ፣ ምንም። ከዛ ቧንቧው ከሴራሚኩ የሚወጣበትን፣ ያ ክቡን የብረት መሸፈኛ ገልጬ፣ በጆግ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። 40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን እህቴ ከመኝታ ቤት ጠራችኝ፣ ርጥበቱ ከእርሳሱ ሁለት ጣት አልፏል። ከመሸፈኛው ጀርባ ስመለከት ቀዳዳው ከቧንቧው በጣም ይሰፋል፣ በነጭ ሲሚንቶ ነው የተሞላው፣ ነጭ ሲሚንቶው ደግሞ ከቧንቧው ዙሪያ ተላቆ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት የቀጠለውን ነው። ጋሼ እንዳሉት የታችኛውን ሲሊኮን በምላጭ ቆረጥኩት። ስቆርጠው ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ፈሰሰ። ሽፋኑን ፈትቼ ሳይ የኮረንቲው ሽቦ የተቀጠለው በናስትሮ (በሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር) ተጠቅልሎ ነው፣ ናስትሮው ከሙቀት ጠቁሮ ቀልጧል፣ ውሃው ቆሞበት የነበረው መስመር ደግሞ ከሱ ሦስት ጣት በታች ነው። እናቴ በዚህ ላይ ነው ሦስት ሳምንት የታጠበችው። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቁጭ ብዬ ነው ትንሽ የቆየሁት።

ጋሼ ቱቦ
ኅዳር 13፣ ማታ 2፡15

አይዞህ ልጄ፣ አብሽር። ዋናው ተገኝቷል። ፍሳሹ የቧንቧ አይደለም፣ የማሸግ ጉድለት ነው፣ ስለዚህ ሴራሚክ አይሰበርም።

ነጭ ሲሚንቶ ለሴራሚክ መሀል መሀል ነው እንጂ ለቧንቧ ዙሪያ አይሆንም። ቧንቧው ሙቅ ቀዝቃዛ ሲልና ማዞሪያው ሲነካ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶ ደግሞ አይለጠጥም፣ ይላቀቃል። የተላቀቀውን ሁሉ በካቻቢቴ ጫፍ አውጣው፣ ግን ፒፒአሩን እንዳትወጋው። ከዛ ሁለት ሦስት ቀን ክፍቱን ይድረቅ፣ እርጥብ ላይ የተቀባ ሲሊኮን ቆዳው ብቻ ነው የሚይዘው። የድሮው ሲሊኮን ትራፊም አይቅር፣ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ላይ አይጣበቅም። በአልኮል ጥረገው።

ሲሊኮኑን ቀዳዳው ውስጥ ገፋ አድርገህ አስገባ፣ ላይ ላዩን መቀባት ብቻ አይደለም። ጎንና ጎኑን የወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ ጣትህን ሳሙና ውሃ ነክረህ አለስልሰው፣ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ላጥ። ሽፋኑን የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም አሉ፣ ፊሸሩን (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ከማስገባትህ በፊት እነሱም ውስጥ ሲሊኮን ጨምር፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እነሱን ነው። ከዛ 24 ሰዓት ይበቃል ይላሉ፣ እኔ ግን በደሴ ብርድ 48 ሰዓት ውሃ አላስነካውም።

ፒያሳ ነኝ
ኅዳር 13፣ ማታ 2፡40

ጋሼ እኔም ዛሬ የታችኛውን ቆረጥኩት። ውሃ አልነበረበትም ግን ውስጡ ሻግቷል። ያልተጣራ ነገር በመምከሬ የሆጤ ልጅ ይቅርታ አድርግልኝ። ነገ ሽቦውን የሚያይልኝ ሰው ጠርቻለሁ።

የአራዳ ቤት
ኅዳር 14፣ ጠዋት

ጋሼ ለኔም አንድ ይንገሩኝ። የአያቴ ቤት አራዳ ነው፣ የድሮ ጭቃ ቤት ነው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ውስጡ በሲሚንቶ ተለስኗል። ለአያቴ ይሄንኑ ሻወር ልገጥም አስቤ ነበር፣ አሁን ፈራሁ።

ጋሼ ቱቦ
ኅዳር 14፣ ምሳ ሰዓት

ፍርሃትህ ልክ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ቧንቧ ግድግዳ ቦርቡረህ አትቅበር። ብሎኬት ሲረጥብ ቀለሙ ነው የሚበላሸው፣ ጭቃ ሲረጥብ ግን እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመጣል፣ የሲሚንቶው ልስን ርጥበቱን ስለሚሸፍነው ግድግዳው እስኪያብጥ ድረስ አታውቀውም። ቦታ ካላችሁ ሻወሩን ጓሮ በብሎኬት ለብቻው አሠራ፣ እኔ አባቴ ቤትም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ቦታ ከሌለ ቧንቧው ከግድግዳው ውጭ በክላምፕ ይሂድ፣ ፍሳሽ ቢኖር ይታያል። አያትህ በር ዘግተው የሚታጠቡ ከሆነ ብሬከሩ ከሻወር ቤቱ ውጭ፣ ሰው በቶሎ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

የሆጤ ልጅ
ኅዳር 21፣ ማታ 3፡00

የጠፋሁት ሥራው እስኪያልቅ ብዬ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ (ሌላ ሰው ነው፣ ቦርከና በውስጥ መስመር ያገናኘኝ) ሲከፍተው ሽቦው 2.5 ነው፣ ብሬከሩ 32። የኮሪደሩ ሶኬት ሳጥን ውስጥ መቀጠያው ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣብቋል። አረንጓዴው ሽቦ ሻወሩ ጀርባ ላይ ተቆርጦ ታጥፎ ነው ያለው፣ የትም አይደርስም። አሁን ከዋናው ሳጥን ለብቻው 6 ሽቦ ተጎትቷል፣ በቱቦ፣ ለራሱ 32 ብሬከርና ባለ 30ው አርሲዲ አለው። ጓሮ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። ሻወሩ ጋ ያለው መቀጠያ የሸክላ ሞርሴቶ (ሽቦ በብሎን የሚታሰርበት መቀጠያ) ሆኗል፣ ናስትሮ የለም። የመሞከሪያ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫንኩት ሦስቴም ወደቀ፣ እናቴንም እንዴት እንደሚጫኑት አሳይቻታለሁ።

ማሸጉን ጋሼ እንዳሉኝ ራሴ ሠራሁት፣ ሦስት ቀን አድርቄ፣ ከታች ክፍት ትቼ። 48 ሰዓት ቆይቼ እንደገና በጆግ ሙከራውን ደገምኩት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ፣ እርሳሱን አላለፈም። ከዛ ኮረንቲ ከመልቀቄ በፊት ውሃውን ሁለት ደቂቃ አስኬድኩት፣ ውስጡ አየር ይዞ ማሞቂያው ደረቁን እንዳይነድ ኤሌክትሪሻኑ አስጠንቅቆኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ታጠበች። በር ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኳት። ስትወጣ መርቃኛለች፣ ጋሼንና ቦርከናንም ስማቸውን ጠይቃ በዚሁ በመድረክ ስማችሁ መርቃችኋለች።

የመኝታ ቤቱን ግድግዳ መቼ ልቀባው?

ጋሼ ቱቦ
ኅዳር 22፣ ጠዋት 1፡00

አሜን፣ ለናትህ ሰላምታ አድርስልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ በላቸው።

ቀለሙን አትቸኩል። የተነፋፋውን ፍቀህ አውርደው፣ ግድግዳው ይተንፍስ። ከዛ ክንድ የሚያህል ነጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዘርግተህ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አሽገውና አንድ ቀን ተወው። ስታነሳው ግድግዳውን የነካው በኩል ጠብታ ካለበት ውስጡ ገና እርጥብ ነው። በየሳምንቱ ድገመው። ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ቀለምም ጀሶም አታስነካው።

ሌላው፣ ውሃ በፈረቃ ሄዶ ሲመለስ ጭቃና አየር ይዞ ነው የሚመጣው። ሮቶው ከሞላ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን በጓሮው ቧንቧ ልቀቀው፣ ሻወሩ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሿን ወንፊትም ብሬከሩን አውርደህ በየወሩ አውጥተህ እጠባት። እሷ ስትደፈን ፍሰቱ ይቀንስና ውሃው ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ እናትህን እንዳያቃጥላቸው።

የሆጤ ልጅ
ኅዳር 23፣ ማታ

ወንፊቷን ዛሬ አወጣኋት ጋሼ፣ ግማሿ በአሸዋ ተደፍኖ ነበር፣ አጥቤ መልሻታለሁ። ፌስታሉን ትናንት ለጥፌ ዛሬ አነሳሁት፣ ሦስት አራት ጠብታ አለበት። ለሳምንት ትቼዋለሁ።